ሳሙና ይዘን ፋሲል መዋኛ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ወንድሜ አድማሴ፣

በካርዱ ላይ የምታየው የፋሲል መዋኛ ነው። እኔ እንደምታውቀኝ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነኝና፣ ልጆቹን «ንጉሥ በዋኙበት ውሃ አስዋኛችኋለሁ» ብዬ፣ እንደኛው ፍልውሃ መስሎኝ ፎጣና ሳሙና አስይዤ ወሰድኳቸው። ብንደርስ ገንዳው ደረቅ! ጠባቂው አያ ባዬ ሳሙናውን አይተው «ምነው ጌታዬ፣ ውሃው ከቀሐ ወንዝ የሚለቀቀው ለጥምቀት ነው፤ ካህናቱ ሳይባርኩት ማንም አይገባበትም» አሉኝ። ባለቤቴ ጽጌሬዳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

እኔ ግን አፍሬ የምመለስ መሰለህ? ልጆቹን በደረጃው አውርጄ ከገንዳው ወለል ላይ አቆምኳቸው። ግንቡን ጨምድዶ የያዘውን የዛፍ ሥር ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ። ትንሿ ሰብለ «ውሃው እስከየት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀች።

«ከአባትሽ ራስ በላይ» አሏት አያ ባዬ።

«አባዬ እኮ ዋና አይችልም!»

ያም ሆኖ እስከ ጥምቀት እዚሁ ነን። ሳሙናውን አያ ባዬ ለበዓሉ ጋቢያቸውን ሊያጥቡበት ወሰዱት። የካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ ለባለቤትህ ለይመኙሽ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንተ ዋና ትችል የለ? ልጆችህን ይዘህ ቶሎ ድረስልኝ።

ወንድምህ ፋንታሁን