ጥላውን ተከተይ

አሰላሙ ዓለይኩም ናዒማዬ፣

ዛሬ ብራስልስ መሀል ጠፍቼ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ልጄ ፈትያ ከተማውን ከሚጎበኙ ሰዎች ጋር ይዛኝ ወጣች። አንድ አደባባይ ላይ ስንደርስ፣ "እማ፣ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ። ጥላውን ብቻ ተከተይ፣ አትጠፊም" ብላኝ ሄደች።

ፀሐይ የምሸሽ የጅቡቲ ሰው መሆኔን አልረሳችም ብዬ ደስ አለኝ። ሰዎቹ ቀይ ጃንጥላ የያዘውን አስጎብኚ ተከትለው ፀሐዩ መሀል ሲገቡ አዘንኩላቸው። እኔ እዚያ ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት እንደማደርገው ግድግዳ ግድግዳውን፣ ጥላ ጥላውን ሄድኩ። መጨረሻዬ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሆነ። የአገሩ ሰው ሁሉ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ጥላው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ እንኳ፣ ከወጣሁ እጠፋለሁ ብዬ ንቅንቅ አላልኩም።

ፈትያ እያለቀሰች መጣች። "ጥላውን ተከተይ አላልኩሽም?"

"ጥላውንማ ተከተልኩ!"

ለካ ጃንጥላውን ማለቷ ነበር።

ናዒማ፣ ትንሽ ሳለች በቀትር እጇን ይዤ ከፀሐይ ወደ ጥላ ስጎትታት ትዝ ይልሻል? ዛሬ እሷ እጄን ይዛ ከጥላ ወደ ፀሐይ ጎተተችኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም። ብቻ ሞቀኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ሱቅሽ ደጃፍ፣ ግድግዳው ሥር ያለችውን ቦታዬን ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ።

ማይሙና