ቦታ የተቀያየሩት ጫፎች

ጥር 9
አሥራ ስምንት የተማሪ ሸሚዝ ቆረጥኩ። ወገቤን ይዤ ስቃትት ልጄ ከች አለች። "እማዬ፣ ሦስት ወር ሞላኝ!" ወገቤን ማን አስታወሰው? የፊተኞቹ ሁለቱ ወርደውባታል... ይቺን ግን አንለቃትም። የሷንም የባሏንም ደም ለምርመራ ወስደዋል።

ጥር 12
የልጄ ባል እናት ደወለች። "በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም፣ እህቴ!" ማን ጠየቃት? "በኛም!" ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው። ከልጄ በፊት እኔም ሁለት ወርደውብኛል። "ባልዲ ስላነሳሽ ነው" ተብዬ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጥፋቴ መስሎኝ ኖርኩ።

የካቲት 2
የልጄ ክሮሞዞም ላይ የሆነ ነገር ተገኘ። ከማን እንደመጣ እንዲታወቅ እኔም ደም ሰጠሁ። ቁርስ ሳልበላ ሄጄ! ነርሷ ሳቀችብኝ። "እማማ፣ ለዚህ እኮ መራብ አያስፈልግም።" እማማ? በአምሳ አንድ ዓመቴ?

የካቲት 24
ከኔ ነው! አርባ ስድስቱም ክሮሞዞሞች አሉኝ፤ የሁለቱ ጫፍ ብቻ ቦታ ተቀያይሯል። ልጄም እንዳለ ወረሰችው። "የጎደለ ስለሌለ ጤነኞች ናችሁ" አለ ሐኪሙ።
"የወረዱትስ?"
"ልጅ ከእናቱ ግማሹን ነው የሚወስደው፤ ከየጥንዱ አንዱን፣ ወይ ደህናውን ወይ የተቀያየረውን።"
ገባኝ! የነጩን ሸሚዝ እጅጌ ሰማያዊው ላይ፣ የሰማያዊውን ነጩ ላይ ብሰፋ፣ ሁለቱንም የወሰደ ሰው ጨርቅ አይጎድልበትም። የተቀያየረውን ነጭ ከደህና ሰማያዊ ጋር የወሰደ ግን ነጭ እጅጌ ይጎድለዋል፣ ሰማያዊ ይተርፈዋል።
"ከኔ በላይ አስረዱ" አለኝ።
ባልዲው አይደለም! መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ልጄ ግን አልሳቀችም። ፅንሱ ካለበት ውሃ ለምርመራ በመርፌ ቀድተውባት፣ ውጤቱን እየጠበቀች ነው።

መጋቢት 3
አንድም ሸሚዝ አልቆረጥኩም። እጄ እምቢ አለ።

መጋቢት 5
ሴት ናት! ቅይይሩን እንዳለ ወርሳለች፤ የጎደለም የተረፈም የለም። "እማዬ፣ ቁርጥ አንቺን" ብላ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።
ለባሏ እናት ራሴ ደወልኩ። ከኔ እንደሆነም፣ የወረዱብኝን ሁለቱንም ነገርኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ትቆጣለች ብዬ ነበር።
"እኔም አንድ ወርዶብኛል" አለች ቀስ ብላ። "ለባሌም አልነገርኩም።"
ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል አወራን። አለቀስን፣ ሳቅን። ልንሰነባበት ስንል መለስ አለችና፣ "አፍንጫዋ ግን የኛ ነው!"
ውሰጂው አልኳት። ሙሉውን።