ከላክ ሰፈር የሚነሳው አውቶቡስና የሐምራዊት ልደት

ለተከበሩ የትምህርት ቤቶች ማቀላቀያ ፕሮግራም ኃላፊ
ዴን ሃግ፣ ኔዘርላንድ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ይህን ነፋሻማ ክረምት በሙሉ ጤና እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን፣ በላክ ሰፈር ከልጄ ከየትነበርሽና ከልጅ ልጄ ከሐምራዊት ጋር እኖራለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና። የሰፈራችን ልጆች እርስ በርሳቸው ብቻ እንዳይማሩ አስበው፣ ሐምራዊትን በየማለዳው የአትክልት ቦታ ያላቸው የሀብታሞች ቤቶች ካሉበት ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት የሚያደርስ አውቶቡስ ስለመደቡልን እናመሰግናለን። ከዚያ ሰፈር ወደ እኛ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ እስካሁን አላየንም፤ መንገዱ ወደዚህ ሲሆን ይረዝም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ሲያልቅ አውቶቡሱ ወዲያው ስለሚነሳ፣ ልጅቷ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተጫውታ አታውቅም። ስለዚህ ልደቷ ሲደርስ አንድ ስህተት ሠራን። እዚህ አገር ለልደት የሚጠሩት ጥቂት ልጆች ተመርጠው እንደሆነ ብናውቅም፣ በእኛ ደንብ ከአንድ ክፍል ግማሹን ጠርቶ ግማሹን መተው ነውር ነውና ክፍሉን በሙሉ ጠራን። የአውቶቡሱ ወንበር አብዛኛው ባዶ ስለሆነ፣ እንግዶቹ አብረዋት እንዲመጡ፣ አመሻሹ ላይም ወላጆቻቸው መጥተው እንዲወስዷቸው ከወላጆቹ ጋር ተስማማን፤ ለቢሮዎም በጊዜው አስታወቅን። የፕሮግራምዎን ዓላማ አንብቤ ስለነበር እምቢታ ይመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ሦስተኛ፣ መልስዎ በልደቷ ዕለት ደረሰን። አውቶቡሱ በላክ የተመዘገቡ ልጆችን ብቻ እንደሚጭን በትሕትና አስረድተውናል። ሹፌሩ ሮቢ እንደነገረን፣ ልጆቹ ስጦታቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ትእዛዝ ነውና እያፈረ መለሳቸው። እኛ ፌርማታው ላይ ፊኛ ይዘን ቆመናል። ሐምራዊት ከሁሉ ኋላ ወረደች። ጓደኞቿ ሲመለሱ በዓይኗ ያየች ልጅ፣ ከወረደች በኋላ እንኳ ዞር ብላ ሌላ የሚወርድ እንዳለ ጠበቀች።

"አያቴ፣ አንተ እኮ ይመጣሉ ብለኸኝ ነበር" አለችኝ።

ዘመኔን ሙሉ ለልጆች ጥያቄ መልስ ስሰጥ ኖሬ፣ ለዚህ አልነበረኝም። ምናልባት እርስዎ ዘንድ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው መጻፌ።

አውቶቡሱ ላይ ለሰጧት የመስኮት ዳር ወንበር ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እያቀረብኩ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
ማንደፍሮ አዘዘ

ተጨማሪ፦ የተረፈውን ሳምቡሳ በማግሥቱ ለጓደኞቿ እንድትወስድ ብላት እምቢ አለች። የሚመጣውን ዓመት ልደቷን አውቶቡሱ ውስጥ ማክበር ትፈልጋለች፤ እዚያ ተጠርቶ የሚቀር ሰው የለም ትላለች። ተጋባዦቹ በሙሉ በላክ የተመዘገቡ የአውቶቡሱ ልጆች ስለሆኑ፣ በፈቃድ ጥያቄ አናስቸግርዎትም።