የድንኩ ፈረሳችን ግራ እግር

እታለም፣

ዛሬ እረፍትሽ ስለሆነ አልቀሰቀስኩሽም።

ጋሼ ፈረሳችን አሁንም በግራ የፊት እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ። ትናንት ሐኪሙ ኮቴያቸውን መታ መታ አድርጎ፣ ጉልበታቸውን አጥፎ ዘርግቶ አየና ምንም አላገኘም። እብጠት የለም። «እርጅና ይሆናል» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሄደ።

መድኃኒቱን በፉርሽካ ለውሺላቸው፤ ደረቁን ይተፉታል። ሳር ላይ ብቻ ቀስ አድርገሽ አዙሪያቸው።

ሐኪሙ «አስፋልት ላይ ይሄዳል?» ሲለኝ «በፍጹም» አልኩት።

ዋሸሁ።

ወሩን ሙሉ አመሻሽ ላይ እየጎተትኳቸው ፌርማታ ድረስ እወጣ ነበር፤ ከአውቶቡስ ስትወርጂ አብረን እንድንመለስ። አንድ ቀን እንኳ በሰዓትሽ አልመጣሽም። እኔም አልነገርኩሽም።

ከእንግዲህ አንወጣም።

አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ግን የአጥሩ በር ላይ ሄደው ይቆማሉ። ተያቸው፤ እሳቸውም ይለምዱታል።