ከሙሌቱ ሥር፦ የዶክተር ሚዛን ሐብተማርያም የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሚዛን ሐብተማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሐብተማርያም ወልደሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ ዲንሳ ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእህል መኪና ሾፌር፣ እናታቸው ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። በልጅነታቸው ብዙ የማይናገሩ፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ግን የማይተኙ ልጅ እንደነበሩ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ዛራ ሐብተማርያም እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎባ ተከታትለው በ1973 ዓ.ም. ማትሪክ በከፍተኛ ውጤት በማለፋቸው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። ሕክምና እማራለሁ ብለው ሄደው ኦዴሳ ሲደርሱ የተመደቡት የጥርስ ሕክምና ላይ ነበር። መጀመሪያ አለቀሱ። ቆይተው ግን እጃቸው ሥራውን ወደደው፤ በ1980 ዓ.ም. ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአዲስ አበባም በመንግሥት ሆስፒታል ለዓመታት አገለገሉ።

በ1983 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ጥገና ባለሙያው ከአቶ ረታ ማሞ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እግዚአብሔርም ዮአብን እና ቤቲን ሰጣቸው። አቶ ረታ በ1987 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ናይሮቢ ሲዛወሩ ዶክተር ሚዛን ሁለቱን ሕፃናት ይዘው ተከተሏቸው። እዚህ የሥራ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ሐኪም ሆነው ሳሉ በረዳትነት መሥራት ግድ ሆነባቸው። ፈተናውን አልፈው ፈቃዱ በእጃቸው ሲገባ፣ ከሞምባሳ ከመጡት ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ሱፍዋን ጋር በናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር በአንድ የሕክምና ወንበር ብቻ ክሊኒክ ከፈቱ። ከመሃል ከተማ ሱቅ እየዘጋ የሚመጣውም፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ በሾፌር የሚላከውም እኩል ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

እርሳቸው ዘንድ ጥርስ ያስሞላ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል። የተበላሸው ክፍል ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ወዲያው አይሞሉትም ነበር። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ፣ ወደ ነርቩ በሚቀርበው ወለል ላይ መጀመሪያ ስስ መከላከያ ያነጥፋሉ። ሙሌቱ የሚታይ ጣሪያ ነው፤ ጥርሱን በሕይወት የሚያቆየው ግን ከሥር ያለው ንጣፍ ነው ይሉ ነበር። ከንጣፉም ብዙ ይጠብቃሉ። ነርቩን የማይቆጠቁጥ፣ የትኩሱን ሻይና የቀዝቃዛውን ውኃ ስሜት የማያሳልፍ፣ ሰው አጥንት ሲግጥ የማይደቅ፣ በእርጥበት የማይሟሟ፣ ከላዩ ከሚመጣው ሙሌት ጋር የማይጣላ መሆን አለበት። በራጅም መታየት አለበት፤ አለበለዚያ በኋላ የሚያየው ሐኪም ንጣፉን ከብልሽት መለየት አይችልም።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው በዚሁ ጉዳይ መፈተናቸው ቤተሰቡ የማይረሳው ነው። በ2010 ዓ.ም. በናይሮቢ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነጻ የጥርስ ሕክምና አዘጋጀ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዮፍታሄ ብዙ ደክመውበታል። ዶክተር ሚዛን፣ ዶክተር ሱፍዋንና ወጣት ሐኪሞች ከጠዋት ጀምሮ ሲሠሩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ከክሊኒክ ያመጡት ንጣፍ አለቀ። በዕርዳታ ከመጣው ዕቃ መካከል ግን ሌላ ንጣፍ ነበረ፤ ነጭ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ለእጅ የሚመች። እርሱን ተጠቀሙ። ሕዝቡም መርቆ ተበተነ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመሃል ከተማ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ውዴ ጉንጫቸውን ይዘው ፓርክላንድስ መጡ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነገር፣ ቆይቶ ደግሞ ማኘክ አሳመማቸው። ራጅ ሲነሡ ከሙሌቱ ሥር ጥቁር ጥላ ታየ። ብልሽት ይሁን፣ ባዶ ቦታ ይሁን፣ ንጣፉ ይሁን መለየት አልተቻለም። ዶክተር ሚዛን ሙሌቱን አንሥተው ሲያዩ ንጣፉ ውኃ እንደነካው ጠመኔ ላሽቆ፣ ሙሌቱም በላዩ ሰምጦ አገኙት። ደግነቱ የወይዘሮ ውዴ ነርቭ አልሞተም ነበር። በደህናው ንጣፍ ተሠርቶላቸው ሕመሙ ቆመ።

ዶክተር ሚዛን ግን እፎይ አላሉም። ያንን ንጣፍ በአፋቸው ይዘው የሚሄዱ ሌሎች ብዙዎች አሉ። ለአቶ ዮፍታሄ ነግረው፣ ሁሉም እንዲመለሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአደባባይ ልንገር አሏቸው። አቶ ዮፍታሄ ደነገጡ። ያመመው ይምጣ፣ ያላመመውን ለምን እናስደነግጠዋለን፤ ከዚህ በኋላ ማን በእኛ ዝግጅት አምኖ አፉን ይከፍታል ብለው ተከራከሩ።

«አቶ ዮፍታሄ፣ ነርቭ ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል። ሰውዬው የዳነ ይመስለዋል፤ መግሉ ከሥር የሚጀምረው ያኔ ነው። እኔ የምፈራው የማያመውን ነው» አሏቸው።

አቶ ዮፍታሄ ተነሥተው ሄዱ። እሑድ ዕለት ዶክተር ሚዛን ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ከሕዝቡ ፊት ቆመው፣ የተጠቀምንበት ንጣፍ ጥሩ አልነበረም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁላችሁም ኑና ጥርሳችሁን ልየው አሉ። የተቆጣ ነበረ፤ ፊቱን አዙሮ የወጣም ነበረ። ባለቤታቸው አቶ ረታ ከበሩ አጠገብ ቆመው ማን እንደወጣ ሳይሆን ማን እንደቀረ ይመለከቱ ነበር። የቀሩት በዙ። ወይዘሮ ውዴ፣ እኔን አድነውኛል፣ ኑ እያሉ ሌሎቹን ራሳቸው መሩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በቅዳሜ ክሊኒኩ ሞላ። ዶክተር ሱፍዋንም ያለ አንዳች ማመንታት አብረዋቸው ሠሩ። አንዱ ተከፍቶ ነርቩ ደህና ሲሆን ሁለቱ ሐኪሞች ይተያዩና ቀጣዩን ይጠራሉ። ሁለት ጥርሶች ነርቫቸው ሞቶ ተገኘ፤ የጥርሶቹ ሥር ታክሞ በቦታቸው ቆዩ። የአቶ ዮፍታሄ ልጅ ሚርያም ግን አልመጣችም። በነጻ ሕክምናው ቀን ጉድጓዱ ከሁሉ ጥልቅ የነበረው የእርሷ ጥርስ ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ ልትሄድ እየተዘጋጀች ነው፤ አያመኝም ትላለች። አባቷም አልገፏትም። ዶክተር ሚዛን ደውለው፣ ሰው ልከው አቃታቸው። በእነዚያ ሳምንታት እህል አልበላ ብሏቸው እንደነበር ልጃቸው ቤቲ ታስታውሳለች።

በመጨረሻ ሚርያም ራሷ በማታቱ ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች። አባቷ እንዳልላኳት፣ ነገር ግን እንዳልከለከሏትም ተናገረች። ሙሌቱ ሲነሣ ንጣፉ ከሞላ ጎደል ሟሙቶ ጠፍቷል። የቀረው የጥርስ ወለል እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የነርቩ ሮዝ ቀለም በሥሩ ይታያል። ይኑር ይሙት አይታወቅም። ዶክተር ሚዛን በበረዶ የቀዘቀዘ ጥጥ ጥርሱ ላይ አስጠጉ። ሚርያም መጀመሪያ ቅዝቃዜው አልተሰማትም። ዶክተር ሱፍዋንም ከጀርባ ቀርበው ቆሙ።

ወዲያው ልጅቷ ከወንበሩ ተነሣችና «አንቲ፣ ኢት ኸርትስ፣ በጣም ያማል» አለች።

«ተመስገን» አሉ ዶክተር ሚዛን። «አሞሻል፣ የኔ ልጅ። አልሞተም ማለት ነው።»

ጥጡን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ዕንባቸው እስኪያቆም ድረስ ዶክተር ሱፍዋን ከልጅቷ ጋር በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እየቀለዱ አቆዩላቸው። ከዚያ ነርቩ በራሱ ላይ አዲስ ወለል እንዲሠራ የሚረዳ የካልሲየም ንጣፍ፣ በላዩ የማኘክን ኃይል የሚሸከም ሌላ ንጣፍ፣ ከሁሉ በላይ ሙሌቱን ሠሩ። ሚርያም ወደ ውጭ ከመሄዷ በፊት በተነሣችው ራጅ ላይ በነርቩና በንጣፉ መካከል ቀጭን ነጭ መስመር ታየ፤ ጥርሱ ራሱ የገነባው አዲስ ግድግዳ ነው። ያን ቀን ልጃቸውን ይዘው የመጡት አቶ ዮፍታሄ ነበሩ። ዶክተር ሚዛን ራጁን በብርሃን ላይ አድርገው ሲያሳዩአቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ «ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ። የልጄን ጥርስ ሳይሆን የማኅበሩን ስም ሳስብ ነበር» አሉ። ዶክተር ሚዛንም ለሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት ንጣፉን እኔ ራሴ አስመጣለሁ ብለው በዚያው ወሬውን ቀየሩት። በተከታዩ ዓመት የመጣው ሕዝብ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር።

ዶክተር ሚዛን ከዚያ በኋላ ወጣት የጥርስ ሐኪሞችን እያሠለጠኑ ቆዩ። ሳቂታ አልነበሩም፤ ሲስቁ ግን ድምፃቸው እስከ ወረፋ መጠበቂያው ይሰማል። ጣፋጭ ይወዱ ነበር፤ ይህንንም ለታካሚዎቻቸው አይነግሩም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የቆሽት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። በናይሮቢ የሚቻለው ሕክምና ሁሉ ተደረገላቸው። ቤተሰቡ አብዝቶ የፈራው ስቃዩን ነበር። ነገር ግን የሐኪሞቹ መድኃኒት ሠርቶላቸው የመጨረሻዎቹን ወራት በቤታቸው፣ ሰው እያወቁና እየተጫወቱ አሳለፉ። ልጃቸው ዮአብ ከሥራ ቦታው ከቱርካና ሲመጣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ አይደርስም ተብሎ ነበር። እሑድ ጠዋት ደረሰ። ሁለቱን ቀን ከአጠገባቸው ሳይለይ ተቀመጠ፤ እናቱም ጭቃ የለበሰውን ጫማውን አይተው ሳቁበት። ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ቤቲ እጃቸውን እንደያዘች፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ሳይሰቃዩ ዐረፉ። ኀዘናችን ከባድ ነው፤ እንዲህ በሰላም በማረፋቸው ግን ልባችን ዐርፏል።

ዶክተር ሚዛን ሐብተማርያም ባለቤታቸውን አቶ ረታ ማሞን፣ ልጆቻቸውን ዮአብ ረታን እና ቤቲ ረታን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ዛራን፣ የሥራ ባልደረባቸውን ዶክተር ሱፍዋንን፣ እንዲሁም ያከሟቸውን ብዙ ወዳጆች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያልተለያችሁን፣ ዛሬም ከያላችሁበት መጥታችሁ የሸኛችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን።

የሰውን ሕመም ሲያቀልሉ የኖሩትን እህታችንን ጌታ ሕመም በሌለበት ቤቱ ይቀበልልን። ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።