አንተ ያላልከው «አዎ»

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልኬን ካላነሳህ ሦስት ሳምንት አለፈ። ባለቤትህም «ደህና ነው፣ ለሰው ተቀጥሮ ይነዳል» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ብትቀደውም ግድ የለኝም፤ ብቻ አንብበው።

ድርጅታችን ትንንሽ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪኖች ገበያ ይኖራቸው እንደሆነ አጥኚ ብሎ ሲልከኝ፣ መጀመሪያ የመጣሁት አንተ ጋ ነበር። የወተት ጣሳዎችህን እያጠብክ፣ «ከነዳጅ ወረፋ የሚገላግል ነገር ማን ይጠላል?» አልከኝ። «ግን ባዶዋን እየነዳችሁ አታሳዩን። ወተት ጭናችሁ በየቀኑ የምወጣውን ያንን ዳገት አውጧትና ያኔ ጠይቂኝ።»

የጥናቱ ቅጽ ላይ የነበሩት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፤ «እገዛለሁ» እና «አልገዛም»። «እገዛለሁ» ላይ ምልክት አደረግኩልህ። «እስቲ እናያለን» ያለኝን ዳቦ አከፋፋይም፣ «እግዜር ይወቅ» ያለችኝን አትክልት ነጋዴም እንደዚያው። አለቃዬ ጥናቱን አንብቦ «ገበያውማ አፉን ከፍቶ እየጠበቀን ነው!» ሲል እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር!

መኪኖቹ ተገጣጥመው ወጡ፤ ገዢ ጠፋ። አንድ ሰው ሲነዳት ቢታይ ሌላው ይከተላል ብዬ እንደገና አንተ ጋ መጣሁ። «ዳገቱን ሞከራችኋት?» አልከኝ። «አዎ» አልኩህ። አልሞከርናትም፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ግን «አንቺ ካልሽ» ብለህ አሮጌዋን መኪናህን ሸጠህ አዲሷን ገዛህ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ብላ ደውለህልኝ ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ወተቱ ተበላሽቷል፤ ደንበኞችህ በየተራ ይደውላሉ። ትጮህብኛለህ ብዬ ስጠብቅ «ውሃ ጠምቶሻል?» አልከኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። «አሁን ሄደሽ ወንድምሽን ብትጠይቂው ምን ይልሻል?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ከሥራ አሰናበተኝ። መኪኖቹን የገጣጠሙት ሠራተኞችም ከነገ ወዲያ ይበተናሉ። ስወጣ የድርጅቱ መካኒክ ተከትሎኝ፣ «ባትሪዋ አነሰባት እንጂ ሐሳቡስ ክፉ አልነበረም። ጭነን ብንሞክራት ኖሮ በአንድ ቀን እናውቀው ነበር» አለኝ። እዚያው በሩ ላይ እንባዬ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ደንበኞችህ ጋ በእግሬ ዞሬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። ሁለቱ «ወደ ወተቱ ሥራ ከተመለሰ ይምጣ» ብለዋል። በምን ጭነህ እንደምትመጣላቸው ግን አላውቅም፤ ጨነቀኝ። ነገ ወደቀሩት እሄዳለሁ፤ ብትመለስም ባትመለስም እሄዳለሁ።

የበደለችህ ታናሽህ