ልጅሽ በውሃ ወረፋ ላይ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እያማረረሽ ነው? እናታችን፣ ባለቤትሽ፣ መንታዎቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ በራዬን ይዤ የሰው ፀጉር መቁረጤ ደንበኞቼን ማሳቁን አልተወም። ልጅሽም ደህና ናት።

“ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ደክማ እየገባች ደግሞ ትሮጣለች አሉ፤ ሩጫውን አስጥላት” ብለሽ በጻፍሽልኝ መሠረት፣ ማክሰኞ ፀጉር ቤቱን ቀደም ብዬ ዘግቼ ተከተልኳት። ውሃ ልቅዳ ብላ ከወጣች ሁለት ሰዓት ትቆያለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ጎረምሳ አለ ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ቦኖው ጋ ስደርስ ጀሪካኗ ከሠላሳ ጀሪካን ኋላ ተሰልፋለች፤ እሷ የለችም። ተንኮሌ መጣና ልቅጣት ብዬ ጀሪካኗን ከሰልፉ አወጣሁት።

ወረፋው ሁሉ ተነሳብኝ። አንዲት ልብስ አጣቢ “አንተ ሰውዬ፣ የሯጯን ዕቃ መልስ” ብላ አፈጠጠችብኝ። ደንግጬ ስመልስ ልጅሽ ከቦኖው አጠገብ ካለው መጋዘን ጥግ ብቅ አለች። ላብ በላብ ሆና፣ በክር በተጠገነ ጫማ ሽው ብላ አለፈች፤ እኔን አላየችኝም። መጋዘኑን እየዞረች ነው። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሴቶቹ ጀሪካኗን በእግራቸው ገፋ ያደርጉላታል፤ አጣቢዋ ዙሩን ትቆጥርላታለች። “አሥራ ሰባት” ስትል ሰማሁ። እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቆማ የዋለች ልጅ ናት እኮ። ሳይታወቀኝ እኔም ጀሪካኑን ስገፋ ተገኘሁ።

ቤት ስንገባ ለምን እንዲህ ትሆኛለሽ አልኳት። “አጎቴ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፤ ለውሃም ልቁም?” አለችኝ። ሁልጊዜ ደስ እያላት የምትሮጥ እንደሆነ ስጠይቃት “ኧረ የለም፤ ብዙውን ቀን አንድ ዙር ብቻ ብዬ ነው የምነሳው” ብላ ሳቀች። አንዱ ዙር እንዴት አሥራ ሰባት እንደሚሆን እስካሁን አልገባኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ የሩጫ ክለብ ማጣሪያ አለባት። “እናቴ ካልፈቀደች አልሄድም” ብላለች። እሺ ካልሽ ቶሎ ጻፊላት። እምቢ ካልሽም ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ ያን ካየሁ በኋላ ተይው ለማለት አንደበት የለኝም።

ባለቤትሽን ያ በፀጉርህ የሚቀናው አማችህ ሰላም ብሎሃል በይልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የሚያለቅሰውን ሁለቴ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝና፣ የልጅ ልጅሽ ስታልፍ ጋሪ ገፊ እንኳ ቆሞ መንገድ ይለቅላታል በያት።

ወንድምሽ
ከፀጉር ቤቴ፣ ጥር 14 ቀን